ኮምፒዩተሩን መርዶ ያስተማርኩ ዕለት

እኔ ፈሪ አይደለሁም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ኋላ ላይ የምታምኑኝ ስለማይመስለኝ ነው። ጅብ በዱላ መልሻለሁ። የሞላ ወንዝ በክረምት ተሻግሬያለሁ። ሚስቴን አስካለን ሽማግሌ ሳልልክ በራሴ አፍ ከአባቷ ጠይቄያለሁ። አባቷን የሚያውቅ ሰው ስለ ጅቡ አይጠይቀኝም።

የተማርኩ ሰውም አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ ከእርሻ ደክሜ መጥቼ እያንቀላፋሁ ነው። ስለዚህ ግማሹን ፊደል በደንብ አውቀዋለሁ፤ ከግማሹ ጋር የሰላምታ ትውውቅ ብቻ ነው ያለን። ቢሆንም የሰበታ ሰው የደረሰብኝን ነገር በየባጃጁ እያጣመመ ሲያወራው ጊዜ፣ ቀጥ ያለውን እኔው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ በትክክለኛው አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው በተከራያችን በሜሮን ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ የከተማው ኪራይ ሲያስመርራት እኛ ግቢ ያለችውን አንድ ክፍል ሰርቪስ ተከራየች። መሬቴ ከተማ ከሆነ ወዲህ በሬ የታሰረበት ቦታ ሰው ነው የሚያድርበት፤ እኔም አልከፋኝም፣ ሰው ገለባ አይጠይቅም። የመጣች ቀን አስካለ «ምንድነው የምትማሪው ልጄ?» ብትላት፣

«ኮምፒዩተር እንደ ሰው እንዲያስብ ማድረግ ነው እትዬ» አለቻት።

«እንደ የትኛው ሰው?» አለች አስካለ፣ ወደ እኔ እያየች።

ከዕለታት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሜሮን ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ፣ ኮምፒዩተሯን እንደ ታመመ ልጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ምን ሆነሻል?»

«ሊጥሉኝ ነው አባባ።»

«እነማን?»

«አስተማሪዎቼ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩና አሳዪኝ አልኳት። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሰውዬ አለ። መልክ የለውም፤ ግን ልብ አለው፣ ሐሳብ አለው። ልቡ ቀይ መስመር ሆና ከላይ ትሄዳለች። ሐሳቡ ከሥር ይጻፋል። ሰላም ሲሆን መስመሯ እንደ ተኛ ገመድ ነች፤ ሲፈራ ትነሣለች። እባብ አሳየችው፤ ተነሣች። እሳት አሳየችው፤ ተነሣች። እኔም ደነገጥኩ፤ እባቡን አይቼ ሳይሆን የሰውዬው ድንጋጤ አስደንግጦኝ።

«ሰው ሲፈራ ሁለት መንገድ ነው ያለው አባባ» አለችኝ። «ሣር ውስጥ ገመድ ያያሉ፤ እባብ ብለው ይዘላሉ። ከዘለሉ በኋላ ነው ገመድ መሆኑ የሚገባዎት። ያዘለለዎት አጭሩ መንገድ ነው። ገመድ ነው ያለዎት ረጅሙ ነው። ሁለቱም ጭንቅላት ውስጥ ናቸው።»

«አጭሩ ባጃጅ ነው በይኛ» አልኳት። «ረጅሙ ደግሞ መናኸሪያ ላይ ሰው እስኪሞላ የሚቆም አውቶቡስ።»

እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። «በቃ! እሱ ነው!»

«ታዲያ ምን ጎደለሽ? ይኸው ይፈራል።»

የጎደላት ይህ ነበር። አስተማሪዎቿ፣ «እባብና እሳት የማይፈራ ማን አለ? ይህን ከመጽሐፍ ነው ያመጣሽው። የዚህን አገር ሰው ልቡን ቀጥ የሚያደርገው ምንድነው? ማሽንሽ እሱን ሲፈራ ካላሳየሽን አናሳልፍሽም» ብለዋታል። የሰጧት ጊዜ እስከ ዓርብ ነው። ካላለፈች ትምህርቱም፣ ከትምህርቱ ጋር የተሰጣት ሥራም በዚያው ያበቃል፤ ዕቃዋን ይዛ ወደ እናቷ ነው።

«እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች። «እርስዎን ምንድነው የሚያስፈራዎት?»

«ምንም» አልኳት።

አስካለ ከጓሮ ሳቀች። ጆሮዋ ከጎረቤት ድመት ይበልጣል።

በጣም ከማሰቤ የተነሣ ምሳዬን አልበላሁም ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው፤ በልቻለሁ፣ ግን እያሰብኩ ነው የበላሁት። የመጨረሻው ጉርሻ ላይ መጣልኝ። እጄን ሳልታጠብ ወደ ሜሮን ሄድኩና፣ «እንዲህ ብለሽ ጠይቂው» አልኳት። «ገና ጎህ ሲቀድ፣ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በርህ ላይ ዝም ብለው ቆመዋል። ምን ይሰማሃል?»

ጻፈችለት። መስመሯ ንቅንቅ አላለችም። ከሥሯ ጽሑፍ መጣ፤ ሜሮን አነበበችልኝ፦ «ሦስት አረጋውያን። መሣሪያ አልያዙም። አደጋ የለም። ወንበር ይቅረብላቸው።»

ወንበር ይቅረብላቸው!

«ይኼ ጅል ነው!» አልኩ። «አንቺ ልጅ፣ ጅል ነው የወለድሽው! እባብ ቢመጣ ዱላ አለ። እሳት ቢመጣ ውሃ አለ። ጎህ ሲቀድ የመጣ ሽማግሌ በምን ይመታል? እኔ አባቴን፣ ወንድሜን፣ እህቴን የቀበርኩት መጀመሪያ በር ላይ በቆሙ ሽማግሌዎች ነው። አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ ገና ጋቢያቸውን ሳይ ነው የቀበርኩት!»

ሜሮን አፏን ከፍታ አየችኝ። «አባባ፣ ይህ ነው የፈለጉት። ግን እኔ ብነግረው አይገባውም። ሰው ሲፈራ በዓይኑ ማየት አለበት።»

«ያያል» አልኩ። «ይህ ፍጥረት መርዶ ሳይፈራ አንቺ ከዚህ ግቢ አትወጪም።»

ያን ጊዜ ማቆም ይቻል ነበር። ግን እኔ ከተናገርኩ በኋላ የማቆም ልምድ የለኝም።

ኦቦ ቶለሳ ዘንድ ሄድኩ። ቶለሳ አብሮ አደጌ ነው፤ እድራችን መርዶ ሲኖር የሚልከው እሱን ነው። ፊቱ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። ሠርግ ቤት ሲገባ እንኳ ሙሽራይቱ ዘወር ብላ እናቷን ትፈልጋለች።

«ማሎ!» አለኝ፣ ነገሩን ስነግረው። «ሰው ሳይሞት መርዶ? ነውር አይደለም?»

«ለማንም አትነግርም። ደጄ ላይ ትቆማለህ፣ ትሄዳለህ።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለኮምፒዩተር።»

ቶለሳ ትንሽ አሰበ። «ዘመድ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ይሁን፤ የሚያለቅስ ከሌለ ምን ችግር አለው» አለና ጋቢውን ሊያሳጥብ ገባ።

የቀሩትን ሁለት ሽማግሌዎች እሱ አመጣ፤ አንደኛው የሱ አማች፣ ሌላው የዓለም ገናው አቶ ዘውዴ። ለአስካለ አልነገርኩም። አስካለ ጠዋት የሰማችውን ረፋድ ላይ ቡራዩ ያወራዋል። ደግሞ በየማለዳው ኪዳን ትሄዳለች፤ ስትመለስም የሦስት ሰው በሽታ ጠይቃ፣ የሁለት ሰው ጠብ አስታርቃ ስለሆነ እኛ እስከዚያ እንጨርሳለን ብዬ አሰብኩ። ማሰቤ አይደለም የጎዳኝ፤ የሚጎዳው ትክክል አስቤያለሁ ብሎ መተማመን ነው።

በተቀጠረው ቀን ጎህ ሲቀድ ተገናኘን። ሜሮን ኮምፒዩተሯን ከውሃው ሮቶ ሥር ባለች ዱካ ላይ አስቀመጠች፤ ዓይኑ ወደ በሩ ነው። ሽማግሌዎቼ ከውጭ፣ ክፍት ከሆነው በር ፊት ለፊት ተሰልፈው ቆሙ። ውርጩ ጥሩ ነበር፤ ጉም ነገር አለ። እኔ ከሮቶው ኋላ ሆኜ አዛዥ ሆንኩ።

«ቶለሳ፣ አንገትህን ትንሽ ድፋ! ዘውዴ፣ አታዛጋ፣ መርዶ ይዞ የሚያዛጋ የት አየህ?»

«በርዶኛል» አለ ዘውዴ።

«ምን ይላል?» አልኳት ሜሮንን።

«አሁንም ወንበር ነው የሚለው አባባ።»

እንዲህ ስንባባል አስካለ በመንገዱ ጥግ ብቅ አለች። ለካ ያን ቀን ጉልበቷን አሟት ኪዳኑ እንዳለቀ ቀጥ ብላ ነው የመጣችው። ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ሽማግሌዎቹን አየች።

ቆመች። ፊቷ ከእግሯ ቀድሞ ነው የቆመው።

አሁን «ጨዋታ ነው» ማለት የነበረበት ቶለሳ ነው። ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ሥራ አፉ አይረሳውም። ጎንበስ አለና፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ «አስካለ፣ አካም ቡልቴ? ደህና አደርሽ? እስቲ ቤት እንግባ፤ ቁጭ ብለን እናውራ» አላት።

አለቀ። ይህን ቃል ቁጭ ብሎ የሰማው ሰው የለም።

«ልጄን! ደረጀን! እኔ ልቅደም! እኔ ልቅደምልህ ልጄ!»

ደረጀ አንድ ልጃችን ነው። በአይሱዙ በጅማ መንገድ ጤፍ ያመላልሳል፤ እናቱ መንገዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጠመዝማዛ በጸሎቷ ታውቀዋለች።

ከሮቶው ኋላ ዘልዬ ወጣሁ። «ማንም አልሞተም! አስካለ! ማንም የለም የሞተ!»

እዚህ ላይ የአገራችንን ጠባይ አስቡት። መርዶ ሲነገር መጀመሪያ ምን ይባላል? «ምንም የለም፣ ትንሽ አሞት ነው» ነው የሚባለው። እኔም «ምንም የለም» ባልኩ ቁጥር ጎረቤቱ በአጥር እየዘለለ መጣ። «ማንም አልሞተም» ብዬ ስጮህ ለቅሶው እጥፍ ሆነ።

«ውይ ሰውዬው! አልቀበልም አለ እኮ!»

«አንድ ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ!»

«ያዙት! ያዙት፣ ራሱን እንዳይጥል!»

ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ያዙኝ። ጅብ የመለሰ ክንድ ሁለት ባጃጅ ነጂ መመለስ አቃተው። ሽማግሌዎቼን በዓይኔ ፈለግኳቸው፤ ዘውዴ ራሱ ያለቅሳል! «አንተ ምን ሆንክ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ደረጀ ደግ ልጅ ነበር» ብሎኝ አረፈ።

ሜሮን ምስኪን ኮምፒዩተሯን ታቅፋ በሴቶቹ መሐል ትሯሯጣለች። «ለዚህ ነው! እትዬ፣ ይህን ልናስተምር ብለን ነው!» አንዲት ጎረቤታችን ተቀበለቻት። «ፎቶው እዚህ ውስጥ ነው? አምጪው የኔ ልጅ» አለችና ጠረጴዛ አስወጥታ፣ ጥቁር ነጠላ አንጥፋ፣ ኮምፒዩተሩን መሐል አስቀመጠችው። ከበው ደረታቸውን ደቁ። አስካለም ፊቷን ወደ ኮምፒዩተሩ መስተዋት አስጠግታ፣ «ዓይንህን ልየው! አንዴ ዓይንህን ልየው!» እያለች አለቀሰች። ኮምፒዩተሩም እሷን ያያል። መስመሯ መነሣት የጀመረችው ያኔ ነው አሉ፤ እኔ አላየሁም፣ ተይዣለሁ።

«ደውሉለት!» አልኩ። «ሰው አይደላችሁም? ስልክ የላችሁም? ደውሉለት!»

አንደኛው ጎረምሳ ደወለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ያቺ የማትቆጣ የማታዝን ሴት፣ የደወልኩለትን ሰው አሁን ማግኘት እንደማልችል ነገረችኝ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ይህን መርዶ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ጋቢውን ያሳጠብኩት እኔ፣ አንገታቸውን ያስደፋሁት እኔ። ማንም እንዳልሞተ በዓለም ላይ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ግን ጉልበቴ ይህን አላወቀም። ባጃጁ ልቤ ደጃፍ ደርሶ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ አውቶቡሱ ገና መናኸሪያ ቆሞ ሰው ይጠራል። «ዘዴ ነው፣ ጨዋታ ነው» ይላል አውቶቡሱ ከሩቅ። ማን ይሰማዋል?

«ልጄን» አልኩ። መሬት ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። የያዙኝ ልጆች ያን ጊዜ ለቀቁኝ፤ «እፎይ፣ አሁን አምኗል» ብለው።

ረፋድ ላይ ድንኳን ተተከለ። እድራችን ለስብሰባ እንጂ ለድንኳን ዘግይቶ አያውቅም። የአስካለ እህት ከሱሉልታ ድረስ እየጮኸች መጣች፤ በታክሲው የተሳፈረ የማያውቃት ሰው ሁሉ አብሯት አልቅሶ ወረደ። ንፍሮ ተቀቀለ። እኔም አንድ ጊዜ «ማንም አልሞተም» ስል፣ ሁለት ጊዜ «ልጄን» ስል ቆየሁ። መሐል ላይ ሜሮን ጆሮዬ ስር ተንበርክካ፣ «አባባ፣ እኔና እርስዎ እኮ ነን ያደረግነው! ያስታውሱ!» አለችኝ። «አውቃለሁ ልጄ» አልኳት። «ማወቄ ምንም አልጠቀመኝ።»

በዚህ መሐል አይሱዙ መኪና ድንኳኑ አጠገብ ጎማው እስኪጮህ ቆመች። ደረጀ ዘሎ ወረደ፤ ጫማው አንዱ እግሩ ላይ ብቻ ነው። ለካ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። ተጂ ከተማ ቁርስ ሲበላ አንድ ሾፌር፣ «አባትህ ቤት ድንኳን ተተክሏል» ብሎታል።

«አባዬን! አባዬን! ሳላይህ!» እያለ፣ ራሱን ይዞ፣ በለቀስተኛው መሐል ሰንጥቆ ገባ። ለቀስተኛው ሞቶ የመጣ መስሎት ለሁለት ተከፈለ። ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠምን። ሁለታችንም አፋችን እንደተከፈተ ለቅሶው ተቋረጠ።

«አባዬ?» አለ። «ታዲያ ማነው የሞተው?»

ማንም ሊመልስለት ሲፈራ ቶለሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ሥራው አይደል?

«አንተ ነህ» አለው።

አስካለ መጀመሪያ ልጇን በጥፊ መታችው፤ ቀጥሎ አቀፈችው፤ ቀጥሎ ገፋ አድርጋ እግሩን እጁን ቆጠረች። ሜሮን እያለቀሰች ሁሉንም ተናዘዘች። አስካለ ጨርሳ ሰማችና ወደ እኔ ዞረች። ትናገረኛለች ብዬ ስጠብቅ አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ መጨረሻ አለው። ድንኳኑን እኔ ነቀልኩ፣ አግዳሚውን እኔ ተሸክሜ መለስኩ፣ ንፍሮውንም ብቻዬን በላሁት። የሰፈር ሰው ሲያልፍ፣ «ኮምፒዩተሩን እግዜር ያጽናው» ይለኛል።

ሜሮን በማግስቱ ሻንጣዋን ዘጋች። «ሁሉንም አጠፋዋለሁ አባባ» አለችኝ። «በእናት ለቅሶ ዲግሪ አልቀበልም። ዓርብም አልሄድም።»

እኔ «ትሄጃለሽ!» ልል ስል ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ማን ነው የሚያጠፋው?» አስካለ ናት። «ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ነው ያለቀስኩት። በከንቱ ሊሆን ነው? ይዘሽው ትሄጃለሽ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ ያስለቀሰኝን ነገር ሲማር ልየው።» እኔን ግን አሁንም አላየችኝም። በአጠገቤ እንደ ምሰሶ አልፋኝ ሄደች።

ዓርብ ሦስታችንም በሚኒባስ ወደ ከተማ ገባን። አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ወንበሩ ሰውን ወደ ኋላ ይጥላል። ፈታኞቹ ከፊት ናቸው፤ የታሸገ ውሃና ብርጭቆ ተደርድሮላቸዋል። ከመሐል የተቀመጠው፣ ጠጉሩ የሸበተው፣ ሜሮን ከሁሉ የምትፈራው ነው። የኮምፒዩተሩ ልብ ግድግዳው ላይ ሰፍታ ትታያለች፤ ቀይ፣ የተኛች።

ሜሮን ሽማግሌዎቹን አሳየችው። ያች በር፣ ያ ጉም፣ የቶለሳ የተደፋ አንገት። ድምፅ የለውም።

መስመሯ ተነሣች። እባብ ላይ ያልተነሣችውን ያህል፣ እሳት ላይ ያልተነሣችውን ያህል ተነሣች፤ ግድግዳው ጠበባት። ወንበር የሚል ቃል የለም። ሽበታሙ ፈታኝ እጁ ደረቱ ላይ እንደሆነ አየሁ፤ እሱ ግን አላወቀም።

ቀጥሎ ሜሮን እውነቱን ጻፈችለት፦ ማንም አልሞተም። ከሥር መልስ መጣ፣ እኔም ፊደሉን እየቆጠርኩ አነበብኩት፦ «ገብቶኛል። ማንም አልሞተም።»

መስመሯ ግን አልወረደችም። ገብቶታል፤ ግን ይንቀጠቀጣል።

«ጥሩ ነው» አለ ሽበታሙ፣ እጁን ከደረቱ አንሥቶ። «ነገር ግን ይህ ቁጥር ነው። መስመር ነው። ፍርሃት መሆኑን በምን እናውቃለን?»

ሜሮን ማስታወሻዋን ከፈተች፤ መልሱ እዚያ የለም። ዘጋችው። እንደገና ከፈተች። እኔ ከመቀመጫዬ ልነሣ ስል ወንበሩ ወደ ኋላ ጣለኝ።

አስካለ ነበረች የተነሣችው። ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ወደ ፊት ሄደች። ከሽበታሙ ፊት የታሸገውን ውሃ አነሣች፣ ከፈተች፣ ብርጭቆ ላይ ቀዳች። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች።

«አይዞህ» አለችው። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ውሸት ነው፤ አለፈ።» ወደ ፈታኞቹ ቀና ብላ ተቆጣች። «ምን ተቀምጣችሁ ታዩታላችሁ? የደነገጠ ውሃ አይሰጠውም እንዴ? እናት የላችሁም?»

ሜሮን ዘላ ክንዷን ባትይዘው ብርጭቆው ሊፈስበት ነበር። አንዲት ጠብታ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች።

ሽበታሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጥያቄዬን መልሼ ወስጃለሁ» አለ። እጁን ወደ ብርጭቆው ዘርግቶ ጨመረ፣ «እናቴ፣ ውሃው ለሱ አይሆንም፤ ለኔ ይስጡኝ። እነዚያን ሽማግሌዎች ካየሁ ጀምሮ ጉሮሮዬ ደርቋል።»

አስካለ ፈታኙን አየች፤ ኮምፒዩተሩን አየች። ብርጭቆውን ለሽበታሙ ሰጠችና የቀረውን ውሃ ከነጠርሙሱ አምጥታ፣ ያለ አንድ ቃል፣ እኔ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ከፊት ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«መስመሩ እስኪወርድ ከዚህ ማንም አይነሣም» አለች።

ማንም አልተነሣም።